እባካችሁ ባሌ ሂዱ፤ ድንኳንና መንጠቆ ይዛችሁ

ኢትዮጵያ ውስጥ ትራውት አለ! ደግሜ ልበለው፤ በፈረንጅ ፊልም ላይ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ በሚወርድ ጥርት ያለ የተራራ ወንዝ ውስጥ የምናየው ያ ዓሣ እዚሁ አገራችን፣ ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። ከአዲስ አበባው ጳውሎስ ሰፈር ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ፒካፕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ ዳር ይደርሳል። የደረሰ ሰው ድንኳኑን ተክሎ፣ መንጠቆውን ጥሎ፣ እራቱን ከወንዙ አውጥቶ ይበላል። በማግስቱ ያንኑ መኪና እየነዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና የበረዶ ዘመን ቆፍሮ በተዋቸው ሐይቆች መሃል ቀይ ቀበሮ ሲያድን ያያል። ይህ ሁሉ በአንድ ጉዞ፣ በአንድ መኪና፣ በገዛ አገር! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «መኪና አለህ? የምታውቀው ባለመኪናስ?» እያልኩ ነው የምውለው።

እኛ የጳውሎስ ሰዎች ዓሣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ከዝዋይ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣው ቆሮሶ ነው። ጉላሹን፣ ለብለቡን፣ ድፍን ጥብሱን እናውቀዋለን፤ ጣፋጭ ነው፣ ክብሩም ይጠበቅለት። ግን ቆሮሶ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው። ትራውት ሌላ ፍጥረት ነው። ብርድ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ አየር የጠገበ፣ ንጹህ፣ የሚሮጥ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ከሞቀ ወይም ከደፈረሰ አይበረክትም። ስለዚህ ትራውት ያለበት ወንዝ ጤናማ ወንዝ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ እኛ አለን!

ዓሣው የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር የተሰመረበት ሬንቦ ትራውት ዘሩ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ወንዞች ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ብራውን ትራውት ደግሞ የአውሮፓ ነው። እንግሊዞች ኬንያን በያዙ ጊዜ ወደ ኬንያ ደጋ አመጡት። ከኬንያ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ወደ ባሌ ተሻገረና ዌብ፣ ዳንካና ሻያ ወንዞች ውስጥ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ትውልድ ተክቷል። ግማሽ ምዕት ዓመት ያለፈው የባሌ ነዋሪ ነው፤ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ግን ስሙን እንኳ ሰምተን አናውቅም።

መኪናው የግድ አዲስና ውድ መሆን የለበትም። እኔ የምሄደው በአሮጌ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ጎማው ጥሩ ይሁን፣ ባሌስትራው የተሰነጠቀ አይሁን፣ ስኮርት ጎማው ነፋስ ይኑረው፤ ክሪክና የጎማ መፍቻ ከወንበር ኋላ ይቀመጥ። ከመርካቶ ሸራ ተራ የተገዛ ወፍራም ሸራ ከፖርቶ መጋላው እስከ መሬት ተወጥሮ ሲታሰር፣ የመኪናው ጎን ግድግዳ ይሆንና በረንዳ ያለው ቤት ይወጣዋል። ምናለሽ ተራ ያሉት ባለእጆች የፒካፑን የኋላ ሳጥን ለክተው፣ ከላይ መኝታ ከሥር ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን የብረት አልጋ ይበይዱላችኋል። ጋቢ ሁለት፣ ብርድ ልብስ ሁለት፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ጄሪካን፣ ትርፍ ናፍጣ። ውጭ አገር በሺዎች ዶላር የሚሸጠው የካምፒንግ ዕቃ ሥራው ይኸው ነው፤ ከጳውሎስ ቁልቁል ወርዶ መርካቶ ውስጥ ይገኛል።

መንገዱ ራሱ ግማሹ ደስታ ነው። እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ በአዳማ በኩል ወጥቶ አሰላንና በቆጂን ማለፍ እወዳለሁ። የአርሲ ስንዴና ገብስ በግራ በቀኝ ተዘርግቶ፣ ጭላሎ ተራራ ከላይ እያየ፣ እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ የሮጡበትን አየር እየሳቡ መሄድ ማንን አያነቃቃም! ከዶዶላና ከአዳባ በኋላ ምድሩ ከፍ ማለት ይጀምራል። ፈረሰኞች በዙሪያችሁ ይበዛሉ። ዲንሾ ስትቃረቡ ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን መንጋ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ይቀበላችኋል። ይህ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ እናንተ ደግሞ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ታዩታላችሁ!

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ነው። መግቢያው፣ የድንኳን ቦታው፣ ዓሣ የማጥመዱ ፈቃድ እዚያ ይጠየቃል፤ የአካባቢው አስጎብኚዎችና ፈረስ አከራዮችም እዚያ ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ዌብ ሸለቆ የሚያስገባ መንገድ አለ። እሱ መንገድ ነው እንግዲህ መኪና የሚፈትነው! ድንጋዩ ጥርስ አውጥቷል፣ ኮሮኮንቹ ያንቀጠቅጣል፣ ዳንካ ወንዝን የምትሻገሩት ሰው ባልሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ነው። አራቱንም ጎማ አስገብቶ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ። መኪናው ሲያቃስት ይቆይና ድንገት ሸለቆው ይከፈታል። ዛፍ የለም፣ አጥር የለም፤ ሣርና ሰማይ፣ መሃል ለመሃል የሚያብለጨልጭ ወንዝ!

አሁን ዓሣው ጋ ልምጣ። ትራውት ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙሮ፣ ከድንጋይ ጀርባ ተጠልሎ ይቆማል። ከላይ ውሃው ተሸክሞ የሚያመጣለትን ነፍሳት እየጠበቀ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ እናንተ ሳታዩት እሱ ያያችኋል። ስለዚህ ከኋላው፣ ከታች በኩል፣ ጎንበስ ብሎ መጠጋት ነው። አብሮኝ የነበረው የዲንሾ ወጣት ክንዴን ይዞ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ጥላዎ ውሃው ላይ ወድቋል፤ ወዲህ ይበሉ» አለኝ። ወዲህ አልኩ። በላባና በክር የተሠራችውን ሰው ሠራሽ ዝንብ ከድንጋዩ በላይ ወረወርኳት። ውሃው ይዟት ወረደ፤ ድንጋዩን አለፈች፤ ክሩ ድንገት እንደ በገና አውታር ተወጠረ! ዘንጉ ጎበጠ፣ ዓሣው ዘለለ፣ ጭራው ውሃውን መታ። ወደ ዳር ሳመጣው ከክንዴ አያጥርም ነበር። ሆዱ ወርቅማ፣ ጀርባው የወይራ ቅጠል ቀለም ያለው፣ ጎኑ ላይ ያሉት ቀይ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው ነጣ ባለ ቀለበት የተከበቡ። ብራውን ትራውት! እጄን በውሃ አርጥቤ ነው የያዝኩት፤ ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን ልጋግ ስለሚልጠው ተመልሶ የሚለቀቅ ዓሣ ይጎዳል።

እሱን ለቀቅሁት። ቀጥሎ የመጣውን ግን በላነው። ቅርፊቱ ደቃቅ ስለሆነ መፋቅ ብዙም አያስቸግርም። ሆዱን ከፍቶ፣ ጨውና ሎሚ አሽቶ፣ ቃሪያ ሰንጎ፣ መጥበሻው ላይ በቅቤ ማሳረፍ ነው። ቆዳው ይንጣጣል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ወዲያው ይለቃል። ከወንዝ እስከ መጥበሻ የፈጀበት ጊዜ ቡና ከመቁላት ያነሰ ነው። ከዚህ በፊት ዓሣ በልቼ አላውቅም ብዬ መማል ቃጣኝ!

ጥቂት የምግብ ነገር ልጨምር፤ ከፍታ ላይ ምግብ አብሳይ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። እየተንደቀደቀ ምስሩ ቶሎ አይበስልም፤ ንፍሮ የሚባል አይታሰብም። ስለዚህ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን ጭኮ! የአርሲና የባሌ እናቶች ገብሱን ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በንጥር ቅቤ ለውሰው የሚሠሩት ጭኮ ለዚህ ብርድ የተፈጠረ ምግብ ነው። አንድ ቁራሽ ከበላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሆድ ውስጥ እሳት ይነዳል።

ሌሊቱ ይበርዳል፤ በእውነት ይበርዳል። በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሸራው ላይ አመዳይ ይጋገራል። ቢሆንም የእንጦጦ ነፋስ ያሳደገው የጉለሌ ሰው ለዚህ ብርድ እንግዳ አይደለም። ጳውሎስም ቢሆን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ሳንባችን ግማሹን መንገድ ሄዶ ነው የሚጀምረው።

ጠዋት ወደ ሳነቴ አምባ! ከጎባ ከተማ የሚነሳው መንገድ በኮሶና በጥድ፣ ቀጥሎ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣና አምባው ላይ ይዘረግፋችኋል። በአፍሪካ ከሁሉ ከፍ ብሎ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ይባልለታል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ሞተሩም ያለከልካል፣ ነጂውም ያለከልካል። ከመንገዱ ተገንጥሎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ እስከ 4,377 ሜትር የሚወጣ የመኪና መንገድ ደግሞ አለ። ዙሪያውን ጅብራው እንደየቁመቱ ተበትኖ ቆሟል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን ያወጣል፣ ሣሩን ነጭቶ ይመለሳል። በባሌ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ፍልፈል ነው። ቀይ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ያን ጉድጓድ ይጠብቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ያለው እዚህ ነው። ከመኪናችን ፊት ለፊት ዘለለ፣ ያዘ፣ ፍልፈሉን አፉ ላይ አንጠልጥሎ መንገዱን አቋርጦ ሄደ። መኪናው ውስጥ ያለነው ሁሉ ጮኽን!

ሐይቆቹስ! ሳነቴ ላይ መንገድ ዳር ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎችና ሐይቆች ተዘርዝረዋል፤ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጫጩቶቹን አስከትሎ ይዋኝባቸዋል። ከሁሉ የሚያስደምመው ግን በእግር ወይም በፈረስ የሚደረስበት ገርባ ጉራቻ ነው። 3,950 ሜትር ገደማ ላይ፣ በገደል ተከቦ የተኛ ጥቁር ውሃ ነው። ጎድጓዳውን የቦረቦረው በረዶ ነው። አዎ፣ ባሌ ላይ የበረዶ ግግር ነበር! ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ሥር የተደራረበውን ደለል በቱቦ አውጥተው፣ ንብርብሩን እየመረመሩ፣ የአካባቢውን የአየር ጠባይ ታሪክ ከአሥር ሺህ ዓመታት ወዲያ ድረስ አንብበውበታል። እዚያ ዳር ላይ በድንጋይ ተደግፎ ሻይ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሂዱና ጠጡት።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ ትልቁ ነገር ይኸውና። በዚህ ከፍታ ድንኳን ለመትከል እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ዌብ ሸለቆ አካባቢ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት ጥላ አለ፤ 3,469 ሜትር ላይ ነው። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በታወቀው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚህ ዋሻ ውስጥ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው እየበሉ ኖረዋል። የድንጋይ መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ጥቁር ባልጩት የሚያመጡት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ነው። ከተራራው ላይ በረዶ እየቀለጠ ውሃ ይወርድላቸው ነበር። በዚህ ከፍታ የሰው መኖሪያ የነበረ ከዚህ የቀደመ ቦታ እስከዚያን ጊዜ እንዳልተገኘ ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል። ተራራ ላይ እሳት ዳር ማደር የፈረንጅ መዝናኛ ይመስለን የለ? ሰው ተራራ ላይ እሳት አንድዶ እንዳደረ ከሚያሳዩ ቀደምት መዝገቦች አንዱ እዚህ ባሌ ነው ያለው!

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ ከሪራ በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ይጠማዘዝና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከበረሃ መሳይ አምባ ወደ ጭጋግ ለበስ ደን ያስገባችኋል። ሀረና ከአገሪቱ ትልልቅ ደኖች አንዱ ነው። የባሌ ጦጣ የሚባለው እንስሳ ቀርከሃው ውስጥ ይኖራል፤ ጫካ በቀል ቡና ከዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ማሩ ወፍራምና መዓዛ ያለው ነው። ካቻ ላይ መኪና አቁሞ ድንኳን መትከል ይቻላል። ትናንት አመዳይ ያራገፈ ሸራ ዛሬ በጦጣ ጩኸት ይከበባል።

ስለ ቦታው ፍቅር ስል አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ባለ አራት እግር መኪና ያለው ሰው ከመንገድ መውጣት ያምረዋል፤ ሳነቴ ላይ አታድርጉት! አፈሩ ስስ፣ ሣሩ በብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ የአንድ ጎማ አሻራ ለዓመታት አይሽርም። የመኪናው ጉልበት የተሰጠን ያለውን ድንጋያማ መንገድ እስከ መጨረሻው እንድንሄድበት ነው። ለማገዶ አስታ አትቁረጡ፤ ጋዝ ወይም ከሰል ይዛችሁ ኑ። ሳነቴን በሌሊት አትንዱ፤ መብራት ያደነዘዘው እንስሳ ጎማ ሥር ይገባል። ውሻችሁን ቤት ተዉት፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተለያየ ጊዜ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች በብዛት ፈጅቷል። ዓሣም ለእራት የሚበቃ ብቻ ያዙ። ጊዜው ደግሞ በጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወራት ወንዙ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ።

ሦስት አራት ቀን የለኝም የምትሉ ጳውሎሶች ሆይ፣ እናንተም ተስፋ አትቁረጡ! ከደጃችን ወደ አስኮ የሚሄደው መንገድ ቡራዩን፣ ሆለታን፣ ጊንጪን አልፎ የሚወስዳችሁ ወደ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ነው። ከጊንጪ በስተደቡብ ደንዲ አለ፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ፣ ጎን ለጎን ተኝተው የሚገናኙ ሁለት ክብ ሐይቆች፣ ዙሪያቸው ገደል። ከእነሱ የሚወጣው ሁሉቃ ወንዝ ውሃውን በጉደር በኩል ለዓባይ ያቀብላል። ትንሽ ወዲያ ወንጪ አለ፤ መሃሉ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት፣ ፍል ውሃ የሚፈልቅበት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ያለው። መኪናችሁን፣ ሸራችሁንና ጋቢያችሁን የምትፈትኑበት የመጀመሪያ ጉዞ ይህ ይሁን። ከዚያ ለባሌ ዝግጁ ናችሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደምወተውት ልንገራችሁ። የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የሚገባቸው ነው። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ዌብ፣ ሸበሌና ገናሌን የመሳሰሉት ወንዞች በኢትዮጵያ ቆላ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ ውሃ ያቀብላሉ። ትራውቱን ያጠመድኩበት ዌብ ራሱ ቁልቁል ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰርስሮ ያልፋል። በረሃ ላይ ያለ አርብቶ አደር ግመሉን የሚያጠጣው እኛ ጥላችንን ከደበቅንበት ውሃ ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ይረሳዋል። ዌብ ውስጥ እጁን ነክሮ ብርዱ አጥንቱ ድረስ የገባው ልጅ ግን አይረሳውም፤ አድጎ የመንግሥት ሥራ ቢይዝ፣ ነጋዴ ቢሆን፣ መምህር ቢሆን ለዚያ ውሃ ይሟገታል። የምትከፍሉት መግቢያ፣ የምትከራዩት ፈረስ፣ ለአስጎብኚው የምትሰጡት የቀን ክፍያ ደግሞ ለዲንሾና ለሪራ ሰው ተራራው ሳይታረስ እንጀራ እንደሚሆን ያሳያል። ስለዚህ ልጆቻችሁን፣ አጎቶቻችሁን፣ የሰፈር ጓደኞቻችሁን ጫኑና ሂዱ። በዚህ ታኅሣሥ ሂዱ!